አንገት የሚከፈተው በመጨረሻ ነው

ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ወዲህ ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ «ሆስፒታል ነው የምሠራው» ብዬ ዝም ማለት ለምጃለሁ። ጠያቂው ካልተወኝ «ላብራቶሪ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ብዙውን ቀን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው። ነገር ግን ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አልፎ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ያለችው ባለ አንድ በር ቤትም የእኔው ናት። አስከሬን መርማሪ ሐኪም ነኝ። ይህን የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ሲጨብጠኝ የጣቶቹን ጫፍ ብቻ ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ ቶሎ ሆድ የሚብሰኝ ሰው ነኝ፤ ጭራሽ እጄን ካፖርቴ ኪስ ከትቼ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ብቻ ሰላም ማለት ጀመርኩ። ሰፈሩ «ኮራች» አለ። ይበል ብዬ ተውኩት።

የመጣሁት ከወሎ ነው። ሙስሊም ነኝ፤ አላገባሁም፤ ከገበያው በላይ ካለ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራዬ ደግ ሴት ናቸው። በፋሲካ ግቢው በሙሉ ሲያርድና ሲበላ፣ ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ፣ ድፎ ዳቦ ቆርሰው በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ይልኩልኛል። መስኮቴ ሥር ተቀምጬ የእነሱን ሳቅ እየሰማሁ ዳቦዬን እበላለሁ። ዒድ ሲደርስ ደግሞ እኔ የምልክላቸው ይጠፋኝና ብርቱካን ገዝቼ እልካለሁ። ማንም ማንንም አላስቀየመም፤ ግን አብረን በልተን አናውቅም።

እናቴ ስትደውል «ዛሬስ ማንን አዳንሽ?» ትለኛለች። የምን ሐኪም እንደሆንኩ ነግሬያታለሁ፤ በደንብ ሰምታኛለች፤ ጥያቄዋን ግን አልቀየረችም። «ሥራ ነበረ» እላታለሁ። «አላህ ያበርታሽ» ትልና ስለ ጎረቤት ልጅ ሰርግ ታወራልኛለች።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ትልቅ የብረት ጭልፋ ገዛሁ። ለሥራ ነው። ሆድ ወይም ደረት ውስጥ የተጠራቀመ ደም የሚቀዳው በጭልፋ ነው፤ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ መሣሪያ ቢኖርም ከወጥ ጭልፋ የሚበልጥበትን ነገር አላየሁም። ሻጯ ዕቃውን እየጠቀለለችልኝ ቤተሰቤ ብዙ መሆን አለበት ብላ ቀለደችብኝ። «ብዙ ነው» አልኳት። መንገድ ላይ ሳቄ መጣ። የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረ የገባኝ ቤቴ ገብቼ በሩን ስዘጋ ነው።

አስከሬን የሚመረመረው በአንድ መንገድ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። አንዱ መንገድ የአካል ክፍሎችን ተራ በተራ ማውጣት ነው፤ ልብን ለብቻ፣ ሳንባን ለብቻ፣ ጉበትን ለብቻ እያዩ መሄድ። ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው ሥር አንዴ ከተቆረጠ በኋላ በሽታው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ መከተል ያስቸግራል። ሁለተኛው፣ ከምላስ ጀምሮ እስከ ዳሌ ያለውን ሁሉ ሳይነጣጥሉ ባንድ ላይ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማየት ነው። ስማር የወደድኩት ይህን ነበር፤ ሰው ውስጡ እንዴት እንደተያያዘ የሚታየው በዚህ ነው። ሦስተኛው ምንም ሳያወጡ ሁሉንም በተኛበት ቦታ እየከፈቱ ማየት ነው። አስተማሪዬ ይህን የሰነፍ መንገድ ይሉት ነበር።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው በዚያ በሰነፉ መንገድ ነው። ውጭ ቆመው የሚጠብቁኝ ሰዎች «ኩላሊት አውጥተው ይሸጣሉ» የሚል ወሬ ይዘው የመጡ ናቸው። ስጨርስ ከሟቹ ሆድ የወጣ ነገር የለም፣ ሁሉም በቦታው አለ ብዬ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ያምነኛል። የማያምነኝን አልቆጣም ብልም እቆጣለሁ፤ ቁጣዬን ግን ጓንቴን እያወለቅኩ እውጠዋለሁ።

በየትኛውም መንገድ ቢኬድ፣ ታንቆ ሞተ የሚባል ሰው ሲመጣ አንገቱ የሚከፈተው በመጨረሻ ነው። አንገት ላይ ያሉት ደም ሥሮች ሙሉ ናቸው። መጀመሪያ እነሱን የነካ ሰው ደሙን በጡንቻዎቹ መሐል ያፈሰዋል፤ የፈሰሰው ደም ደግሞ በጣት ተጨቁኖ የጠቆረ ሥጋ ይመስላል። ስለዚህ አስቀድሞ ጭንቅላት ተከፍቶ አንጎል ይወጣል፤ ቀጥሎ ደረት ይከፈትና የልብ ደም ይፈሳል። አንገቱ ውስጥ ያለው ደም በላይም በታችም ተንጠፍጥፎ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ትከሻው ሥር እንጨት ተደርጎ፣ ቀጫጭኖቹ ጡንቻዎች አንድ ባንድ ይገለጣሉ። ይህን ሥርዓት ያልጠበቀ ሐኪም ራሱ ባፈሰሰው ደም ሰው ወንጅሎ ሊያሳስር ይችላል።

የማወራው ቀን ክረምት ነው፤ ፍልሰታ ጾም ላይ። መንገዱ አንድ ቀን የሚከፈትበት አንድ ቀን የሚዘጋበት ሰሞን ነበርና ወደ ባሕር ዳርም ወደ አዲስ አበባም የሚላክ ነገር አልነበረም። ጠዋት አንድ አይሱዙ ከደምበጫ በኩል መጥቶ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመ። ከላዩ ላይ ጋቢ የለበሱ ወንዶች ወረዱ፤ ቀጥሎ ቃሬዛ ወረደ፤ በመጨረሻ በሁለት ሰው ተደግፈው አንዲት ቀጭን እናት ወረዱ። የሟቿ እናት ናቸው። ወንዶቹ የሟቿ ወንድሞችና የአጎት ልጆች ነበሩ። ዱላቸውን ከግድግዳዬ ጋር አስደግፈው ዝናቡን ከጣሪያዬ ጫፍ ሥር ተጠለሉ።

አብሯቸው የመጣው መርማሪ ፖሊስ ነገሩን አጫወተኝ። ሴትዮዋ ወጣት ናት፤ ከደምበጫ ወዲያ ካለ ቀበሌ ከባሏና ከአንዲት ትንሽ ልጃቸው ጋር ነበር የምትኖረው። ከትናንት በስቲያ ማታ ስትጮህ ጎረቤት ሰምቷል። ሊነጋጋ ሲል ባልየው እየሮጠ እናቷ ቤት ሄዶ ሞታለች ብሎ ተናገረ። እናትየው መጥተው አጥበው ገነዟት። ረፋድ ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወስዷት ሲሉ አንገቷ ላይ ቡናማ መስመር ታየ። ወንድሞቿ ከባልየው ጋር በእርሻ ድንበር ሲነታረኩ የቆዩ ናቸው፤ ቀብሩን አስቆሙት። ከጤና ጣቢያ የመጣው ወጣት ባለሙያ ከላይ አይቶ የመታነቅ ምልክት ይመስላል አለ። ባልየው ተያዘ። ሲጠየቅም አንድ ነገር ብቻ መለሰ፤ «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። አሁን ደብረ ማርቆስ ጣቢያ ታስሯል።

«እንግዲህ ያለቀ ነገር ነው፤ ለሥርዓቱ ያህል ነው ያመጣናት» አለኝ መርማሪው።

ያለቀ ነገር የሚለው አነጋገር ያናድደኛል። ያለቀ ከሆነ ለምን በዝናብ አመጡብኝ? ግን ያለቀ እንዳልሆነ እሱም ያውቅ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የባልየው ወንድሞች እዚያው ቀበሌ መሣሪያቸውን ይዘው እንደተቀመጡ፣ እነዚህ የሟቿ ወንድሞች ደግሞ ከቀብሩ በኋላ ዝም እንደማይሉ ነገረኝ። እኔ ታንቃለች ካልኩ ሰውየው ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል፣ በሁለቱ ቤቶች መሐልም ደም ይገባል። አልታነቀችም ካልኩ ደግሞ የሚያምነኝ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሴት ነኝ፣ እንግዳ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ። ገብቼ ልብሴን ቀየርኩ።

ረዳቴ በልጅነቱ ዲያቆን የነበረ ጎልማሳ ነው። ሥራ ስንጀምር እሱ በለሆሳስ «በስመ አብ» ይላል፣ እኔ «ቢስሚላህ» እላለሁ፤ ከዚያ የቧንቧው ውኃ ይከፈታል። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ከዚያ ወዲያም ብዙ አናወራም፤ እሱ ስሙን የምጠራለትን ዕቃ ያቀብለኛል፣ ሲጨርስ ወደ ቤቱና ወደ ልጆቹ ይሄዳል።

መግነዙን ፈታሁት። የእጅና የእግር አውራ ጣቶቿ በነጭ ክር ተጠምደዋል፤ እጥፋቱ ንጹሕ ነበር፤ በፍቅር የተሠራ ነገር ይታወቃል። ፊቷ ገርጥቷል። የታነቀ ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ይጠቁራል፤ ዐይኑ ውስጥ በመርፌ የተወጋ የሚመስል የደም ነጠብጣብ ይታያል። የእሷን የዐይን ቆብ ገልብጬ አየሁት፤ ነጭ ነው፣ ነጠብጣብ የለውም። ልቤ አንድ ነገር አለኝ፤ ልቤን ግን በሥራ ሰዓት አላዳምጠውም።

ከዚያ አንገቷን በአጉሊ መነጽር አየሁ። መስመሩ ከአገጯ ሥር ተነሥቶ፣ ጉሮሮዋ ላይ ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ ጆሮዎቿ ኋላ ወደ ላይ ይወጣል። ቆዳው እንደ ብራና ደርቋል፤ ዙሪያው ግን አላበጠም፣ አልቀላም። ደረቁ ቆዳ ላይ ደግሞ የሽመና መልክ ነበረ፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች፣ ከዳር ደግሞ ወፈር ያለ አንድ መስመር። የሟች መንጋጋ እንዳይከፈት በጨርቅ እንደሚታሰር አውቃለሁ፤ በእኛም ይታሰራል። የታሰረው ጨርቅ ሬሳው ከአልጋ ወደ መደብ ሲዛወር ተንሸራቶ አንገት ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ ኋላ ሲፈታ አሻራው ብቻ ይቀራል። ይሁን እንጂ ጨርቅ ሰውም ይታነቅበታል፤ ከላይ ታይቶ ብቻ አይፈረድም። ስለዚህ ከጭንቅላቷ ጀመርኩ።

አንጎሏ ደህና ነበር፤ የደም ያለህ የሚል ግን ነበር፣ ነጣ ብሏል። ደረቷን ከፈትኩ፤ ልቧ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሆዷን ስከፍት ረዳቴ ሳልጠይቀው ጭልፋውን አቀበለኝ። ሆዷ ከጉበቷ ሥር እስከ ዳሌዋ ድረስ ደም ነበር። እየቀዳሁ፣ እየቀዳሁ፣ ወደ ታች ደረስኩ። ከማህፀኗ ቀኝ በኩል ያለው ቀጭን ቱቦ ተቀዷል። ፅንስ ማህፀን ውስጥ መቀመጥ ሲገባው እዚያ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ አድጎ፣ ቱቦው አልችል ብሎ ፈነዳ። ምናልባት ማርገዟንም አታውቅም ነበር። በውስጧ ደምታ ነው የሞተችው። ማንም አልነካትም።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ውጭ የቆሙት ሰዎች ያዩት አንገቷን ነው፤ ስለ ሆዷ ብነግራቸው አንገቷን ነው የሚጠይቁኝ። ትከሻዋ ሥር እንጨቱን አደረግን። ቆዳውን ገለጥኩ፤ ከቆዳው ሥር አንድም የደም ምልክት የለም። የፊተኞቹን ጡንቻዎች አንድ ባንድ አነሣኋቸው፤ ሁሉም ንጹሕ። ምላስ ሥር ያለችው ትንሽ አጥንት አልተሰበረችም። ጉሮሮዋ ደህና ነው። ረዳቴም ጎንበስ ብሎ አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቱን ማየት ያዘ። ለብዙ ጊዜ አብሮኝ ሲሠራ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ምን ልበለው? እኔ ሰው ማባበል አላውቅበትም። ውኃውን ዘጋሁት።

ስወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወንዶቹ ተነሡ፤ መርማሪውም መጣ። እናትየው ከፊት ለፊቴ ቆሙ። ሐዘንተኛ ስለሆኑ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው አድርገው ነበር የለበሱት። ጥለቱ ከአንድ ወገን ተቀዷል፤ የቀረው ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፣ ከዳር ደግሞ ወፈር ያለ አንድ መስመር። አንገቷ ላይ ያየሁት ሽመና ይኸው ነው። 

አንገቷን ትቼ ስለ ሆዷ ጀመርኩ። ማህፀን፣ ቱቦ፣ ፅንስ እያልኩ ቀለል አድርጌ ነገርኳቸው። እናትየው እርጉዝ መሆኗን ሲሰሙ በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ታላቅ ወንድሟ ግን ፊቱ አልተለወጠም፤ ዐይኑን ከእኔ ላይ ሳያነሣ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ታዲያ አንገቷ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ።

«ከሞተች በኋላ የመጣ ነው» አልኩት።

«ከሞተች በኋላ ማን ነካት?»

  መዋሸት አላሰብኩም፤ የምፈልገው ይህን ነገር ለእናትየው ለብቻቸው የምነግርበት ትንሽ ጊዜ ነበር። ወንድምየው ጥያቄውን ሊደግም ሲል እናትየው በእጃቸው ከለከሉት። የተቀደደውን ጥለታቸውን ይዘው ያዩት ነበር።

«እኔ ነኝ የነካኋት» አሉ፤ «አገጯን ያሰርኩት ከዚህ ቀድጄ ነው። ያየሽው እጄን ነው ወይ ልጄ?»

«አዎ እማማ። ያሰሩበት ጨርቅ ተንሸራቶ ነው። እሷ ግን ያኔ ሞታ ነበር፤ ምንም አልተሰማትም።»

እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጆቻቸው ሊያነሷቸው ሲጎነበሱ ተዉኝ አሉ። ብዙ ሐዘን አይቻለሁ፤ ሲጮኽ፣ ደረት ሲደቃ፣ ፊት ሲነጭ። እንዲህ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ግን የት እንደምገባ ጠፋኝ። ገብቼ ስፌቱን ልጀምር ስል እናትየው ቀና ብለው ለታላቁ ልጃቸው፣ ባሏ ካልመጣ አትቀበርም አሉት። ልጅየው ሊከራከር ሞከረ፤ መርማሪውም ሰውየው በራሱ አፍ ማመኑን አስታወሰ። እናትየው ለመርማሪው ዋስ እኔ ነኝ አሉት። የሟች እናት ለተጠርጣሪው ዋስ ስትሆን አይቶ እንደሆነ አላውቅም፤ ስልኩን አውጥቶ ወደ ባሕር ዛፎቹ ራቅ ብሎ ሄደ። ብዙ ደወለ። ቆይቶ ተመልሶ፣ በፖሊስ ታጅቦ ለቀብር ይመጣል አለ፤ ሌላውን ዐቃቤ ሕግ ይየው።

እስኪመጣ ድረስ አስከሬኑን ማሰናዳት ነበረብኝ። ከደረቷ እስከ ዳሌዋ በደቃቅ ስፌት ሰፋኋት፤ የራስ ቅሏን ቆዳ መልሼ ፀጉሯ እንዲሸፍነው አደረግሁ። ማንም የማያየውን ስፌት ለምን እንደማሳምር ተጠይቄ አውቃለሁ። ሥራዬ ስለሆነ ነው እላለሁ። እውነቱ፣ ከሙታኑ ጋር የምቆየው ያን ያህል ስለሆነ ነው።

በሩ ተንኳኳ። እናትየው ነበሩ። ልገንዛት መጣሁ፣ ግን እጄ ብቻዬን አይታዘዝልኝም አሉ። በዚያች ክፍል ውስጥ ከረዳቴ ሌላ ሰው አጠገቤ ቆሞ አያውቅም። አብረን አጠብናት። ፀጉሯን ሲያበጥሩ፣ በልጅነቷ ማበጠሪያ ስታይ ከቤት ወጥታ ትሮጥ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ ራሷን ደግፌ ያዝኩ፣ እሳቸው አገጯን በአዲስ ጨርቅ አሰሩ። ሦስት ጊዜ ፈትተው አሰሩት። ሦስቱንም ጊዜ ጨርቁ የት እንዳረፈ እኔን ጠየቁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ደህና ነው አልኳቸው።

እናት እንዳለኝ ጠየቁኝ። አለችኝ፣ ወሎ ናት አልኳቸው። ሩቅ ነው አሉ። አዎ፣ ሩቅ ነው አልኩ። ከዚያ ሌላ አልተነጋገርንም፤ ግን ሥራው ባያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን መናገር ነውር ይመስላል። ሬሳ እየገነዙ ደስ መሰኘት ማለቴ አይደለም፤ አጠገቤ ሰው ስለነበረ ነው።

ባልየው ከሰዓት በኋላ በባጃጅ መጣ፤ ከግራና ከቀኙ ፖሊስ ነበር። ከሲታ ነው፤ ቦቲ ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ዐይኑ አብጧል። የሚስቱ ወንድሞች ወደ አንድ ወገን ተሰበሰቡ። እናትየው አልተነሡም፤ እሱም ወደ እሳቸው አልሄደም። ቀጥ ብሎ እኔ ጋ መጣና እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ፌጦው ነው አይደል?» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ጠየቅኩት። ሚስቱ ሆዴን አመመኝ ብላው እንደነበር፣ ፌጦ ፈጭቶ በጥብጦ እንደሰጣት፣ አልጠጣም ስትል ተቆጥቶ እንዳስጠጣት፣ ጠጥታ ብዙም ሳትቆይ መጮኽ እንደጀመረች በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት ያለው ይህን ነበር። አንገት የሚባል ነገር በሐሳቡ አልነበረም። ከተያዘ ጀምሮ ያችን የፌጦ ጽዋ ሲያስብ ነው የቆየው።

ፌጦው አይደለም አልኩት። ፌጦ ማንንም አይገድልም፤ ሆዷ ውስጥ የተቀደደ ነገር ነበር፣ ብትጠጣም ባትጠጣም ያው ነበር። መርማሪው ወደ መሬት አየ። ታላቅ ወንድምየው ዱላውን ከግድግዳው አነሣ፤ አልሰነዘረውም፣ ተደግፎት ቆመ ብቻ። ባልየው ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ፤ ልሰናበታቸው ስል ቀና ብሎ አንድ ጥያቄ ጨመረ።

«ያን ለት ቀን፣ ሆዴን እንዳለች ይዣት ብመጣ ኖሮስ?»

የሁሉም ራስ ወደ እኔ ዞረ። የወንድሞቿ ዐይን፣ የእናትየው ዐይን፣ የመርማሪው ዐይን። በጭልፋ የቀዳሁት ደም ሁሉ ያው አልነበረም። ከታች የረጋና የጠቆረ፣ ከላይ ያልረጋና ቀጭን ነበር። ቀን ላይ ቀስ ብሎ መድማት የጀመረ፣ ማታ ላይ ደግሞ አንዴ የፈነዳ ነገር ነው። ጊዜ ነበራት። ቀን ይዟት ቢነሣ፣ ጥሩ ቀዶ ሐኪም አጠገቧ ቢቆም፣ ዛሬ ልጇን ታሳድግ ነበር። ይህን ከዚያ ክፍል ይዤ ወጥቻለሁ፤ ያልነገርኳቸው ያልጠየቁኝ ነገር ስለሆነ ነው። አሁን ተጠየቅሁ። እንዲህ ነው ብል ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ይሸከመዋል፤ እነዚያ ወንድሞች ደግሞ ገና አሁን ለተዉት ጠብ ሌላ ምክንያት ያገኛሉ።

«አትደርስም ነበር» አልኩት።

ወንድምየው ቆይቶ፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር አለ። ለእኔ ይሁን ለእሱ የነገረው አላውቅም። ከዚያ ቃሬዛውን አነሡ። አንዱን እጀታ ባልየው ያዘ፤ ማንም አልከለከለውም። አይሱዙው ላይ ሲጭኗት እናትየው ከኋላ ቆመው መግነዙን ያስተካክሉ ነበር። መኪናው በልብስ ማጠቢያው አልፎ እስኪጠፋ ድረስ በሩ ላይ ቆምኩ። ረዳቴ ወለሉን አጥቦ ደህና ዋይ ብሎኝ ሄደ።

ዛሬም ያ ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ ያንኑ እመልስለታለሁ። አላፈርኩበትም። የዚያን ዕለት ማታ ግን እናቴ ደውላ ማንን አዳንሽ ስትለኝ፣ ሥራ ነበረ ብዬ አለፍኩት፤ ለአከራዬ አልነገርኩም፣ ለረዳቴ አልነገርኩም። ጊዜ እንደነበራት የምናውቀው ሟቿና እኔ ብቻ ነን።